ሁሉም ያጠበቀው ጎሚቶ

ቧንቧ የሚያፈሰው ሲላላ ብቻ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ሱቄ ይመጣና «ጋሼ ጳውሎስ፣ ትናንት አጠበቅኩት፣ ዛሬም አጠበቅኩት፣ አሁንም ያፈሳል» ይለኛል። ነገም አጥብቀው፤ ከነገ ወዲያ ለሁለት ተከፍሎ ይገላግልሃል እለዋለሁ። ባለቤቴ «ደንበኛ አትሳደብ» ትላለች። እኔ ግን ማጥበቅ የሚወድ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ለብዙ ሰው አልተናገርኩም፤ ዛሬ ልንገራችሁ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር መጥቶ፣ ወንድ ልጅ ያላት እናት በሯ በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጥበት ጊዜ። እኔ ከጎፋ ሥራ ፍለጋ ጂንካ የገባሁ ጎረምሳ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያውን ያገኘሁት አርባ ምንጭ ውስጥ መጀመሪያ ቦይ ስቆፍር፣ ቀጥሎ ለአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ መፍቻ ሳቀብል ነው። ሽማግሌው ስድቡንም ሙያውንም እኩል አስተምሮኛል። ደግሞም ጴንጤ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የእህል መጋዘን ስለሆነ ያኔ የምንዘምረው በየቤቱ፣ በሹክሹክታ ነበር። መጤ፣ ጴንጤ፣ በዚያ ላይ ምላሱ ረጅም። ከዚህ በላይ ለመጠርጠር ምን ያስፈልጋል?

የኛ ቀበሌ ለውትድርና ከታዘዘበት ኮታ አንድ ሰው ጎድሎበት ነበር። በዕድሜው ልክ የሆነ፣ ያልሸሸ፣ ያልታመመ ተብሎ ሲፈለግ ሁለት ሰው ተገኘ። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ስንታየሁ ነው፤ የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ፣ አየር ሜዳው ሣር ላይ ከላሞች ጋር እየተጋፋ ኳስ የሚጫወት ሳቂታ ልጅ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የጓድ ታረቀኝ የእህት ልጅ ነው፤ ለእናቱም አንድ ነው።

ጓድ ታረቀኝ ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ለሱ ቢሆን እኔ ገና ድሮ ተጭኜ ነበር። ግን ያኔ ገበያው አጠገብ ሕዝብ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ እየሠራን ስለነበር ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ፦ ቦኖው ለአብዮት በዓል በሰላም ከተመረቀ ባለሙያው ለልማት ሥራ ይቅር፤ ካልሆነ እሱ ይሂድ። ቁርጡ ይኸው ነው። ውሃው በደንብ ከወረደ እቀራለሁ፣ ስንታየሁ ይሄዳል። ከተበላሸ ስንታየሁ ይቀራል፣ እኔ እሄዳለሁ። ጓድ ታረቀኝም ሁለት ልብ ሆነ። ምረቃው ቢሳካ ስሙ አርባ ምንጭ ድረስ ይጠራለታል፤ ባይሳካ የእህቱ ልጅ ይተርፍለታል።

በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴው ስለ ምረቃው ተሰበሰበ። እኔም በባለሙያነት ተጠርቼ ጥግ ይዣለሁ። ከአርባ ምንጭ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጣ ተነገረ።

«ሪባኑን ማን ይቆርጣል?» አለች አስካለ። አስካለ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ናት፤ ጠጅ ቤት አላት፣ የጠጅ ጋን ብቻዋን ታነሳለች።

«ሪባን?» አለ ጓድ ታረቀኝ፣ እናቱን የሰደበችበት ይመስል። «ሪባን መቁረጥ የከበርቴ ልማድ ነው! የኛ ሥራ መቁረጥ ሳይሆን ማጥበቅ ነው። የመጨረሻውን መገጣጠሚያ የብዙኃን ማኅበራት ተጠሪዎች በየተራ ያጠብቁታል። አንድነታችን በብረት ላይ ይታያል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ያኔ ጭብጨባ እንደ ሳል ነበር፤ አንዱ ከጀመረ ሌላው ዝም ማለት አይችልም።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቧንቧ በማኅበር አይጠብቅም። ጥርሱ ላይ ቃጫ ይጠመጠማል፣ ቀለም ይቀባል፣ በእጅ እስኪይዝ ይዞራል፣ ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር ቢሆን ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ይጨመራል። ካለፈ ይሰነጠቃል።»

«ምኑ ነው የሚሰነጠቀው?»

«ብረቱ ነዋ።»

ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ሰማችሁ ጓዶች? ሰፊው ሕዝብ ሲነካው የሚሰነጠቅ ብረት አለ ይለናል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ማጥበቅ ገደብ የለውም» ብሎ ደመደመ። ልብስ ሰፊ ሳለ የሰፋልኝ ሱሪ ቁጢጥ ባልኩ ቁጥር ለምን ይቀደድ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎሚቶ የምንለው የታጠፈ መገጣጠሚያ ነው። ከሲሚንቶው ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣው ቧንቧ አናት ላይ ይገባል፤ በሌላው አፉ ደግሞ ውሃ የሚወርድበት ሩቢኔት ይገጠማል። ስለዚህ ጎሚቶውን ባጠበቅከው ቁጥር ሩቢኔቱም አብሮ ይዞራል። አልፎ ከሄደ «ኧረ አለፈ» ብለህ ወደኋላ መመለስ አትችልም፤ ቃጫው ይላቀቅና ያፈሳል። በየተራ ይጠበቅ ከተባለ በኋላ ምን ላድርግ? በእጅ አስይዤ፣ ሩቢኔቱን ወደ አየር ሜዳው አዙሬ ተውኩት። ተጠሪዎቹ ትንሽ ትንሽ ቢያዞሩት ልክ ወደ መድረኩ ዞሮ፣ ልክ ጠብቆ እንዲቆም አስልቼ ማለት ነው። እንዴት ያለ ስሌት! ሰው የሚባለውን ነገር ግን ረስቼዋለሁ።

የበዓሉ ለት ገበያው ዳር ባንዲራ በባንዲራ ሆነ። የቀበሌው ኪነት ይዘፍናል። ወታደር የሚጭነው መኪና አየር ሜዳው ጥግ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። እንግዳው ካኪ ለብሶ መድረኩ ላይ ተሰየመ። እኔ ተጠሪዎቹን አንድ ጥግ ሰብስቤ ጣቴን አሳየኋቸው። «እባካችሁ፣ ይቺን ታህል ብቻ።»

«ሂድ ወዲያ!» አለች አስካለ። «የሴቶች ማኅበር ይቺን ታህል አጠበቀ ሊባል ነው?» መፍቻውን ነጠቀችኝና በአንድ ትንፋሽ ሩቢኔቱን ከአየር ሜዳው እስከ መድረኩ አመጣችው። እልልታው ሰማይ ነካ። እንግዲህ ሥራው ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ያኔ ውሃ ቢለቀቅ ጠብ አይልም ነበር።

ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ዶሪ መጡ፤ አሪ ናቸው፣ ትከሻቸው በር አይበቃውም። «እኔ በሬ ቀንዱን ይዤ አቆማለሁ» አሉ። «ይሄ ትንሽ ብረት ምንድነው?» ሩቢኔቱ መድረኩን አልፎ ገበያውን አየ።

ሦስተኛው ስንታየሁ ነበር። መፍቻውን ሲቀበለኝ ጠጋ ብሎ «ጳውሎስ፣ ልበለው ወይስ ልተወው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በናትህ ተወው። አልፏል።»

መፍቻውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጥርሱን ነከሰ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ «ያ!» ብሎ ጮኸ። ጎሚቶው ንቅንቅ አላለም። ሕዝቡ ለማንም ያላጨበጨበውን ለሱ አጨበጨበ። ደረቅ ግንባሩን ጠርጎ ጠቀሰኝ። እኔ እንኳ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ። ጎሚቶው ቢሰነጠቅ የሚቀረው እሱ ነበር። ይህን ከኔ እኩል ያውቃል።

ጓድ ታረቀኝ ከእህቱ ልጅ አንሶ ላይታይ መፍቻው ላይ ተንጠለጠለ። ጎትቶ ጎትቶ ሲበቃው ሩቢኔቱ ጀርባውን ለሕዝብ ሰጥቶ የቀበሌውን ሽንት ቤት እያየ ቆመ።

የእንግዳው ተራ ደረሰ። ከመድረክ ወርዶ ቦኖውን ዞሮ አየው። «ይሄ ለምንድነው ለሰፊው ሕዝብ ጀርባውን የሰጠው?»

ጓድ ታረቀኝ ወደ እኔ አፈጠጠ። «መልሰው!»

«ጓድ፣ ወደኋላ ከተመለሰ ያፈሳል። ሌላ ቃጫ ልጠምጥምበትና እንደገና ልግጠመው። ብዙ አይቆይም።»

«ወደኋላ?» አለ እንግዳው። «በዚህ ቀን? በዚህ መድረክ ፊት? ወደኋላ የሚባል ነገር የለም። ወደፊት!»

«ወደፊት!» አለ ጓድ ታረቀኝ። «ወደፊት!» አለ ኪነቱ፤ ለሱማ ዘፈን አለው፣ ጀመረው።

መፍቻው እምቢ ሲላቸው ጓድ ታረቀኝ ከትርፍራፊ ቧንቧዬ ረጅሙን አምጥቶ እጀታው ላይ ሰካበት። እንግዳው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው እንደ እርሻ በሬ ገፉት። እኔ «ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ ይበቃል!» እያልኩ በዙሪያቸው እዞራለሁ። ሩቢኔቱ ከሽንት ቤቱ ተነስቶ እየተንቋቋ ዞሮ መድረኩ ፊት ለፊት ደረሰ። ያኔ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከዘፈኑ የተነሳ ሌላ የሰማ የለም።

«ጓድ፣ ተሰንጥቋል» አልኩ።

«ክፈት ተብለሃል!» አለኝ ጓድ ታረቀኝ።

ሄጄ ዋናውን መዝጊያ ከፈትኩት። ከአሪ ተራራ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ቀልድ አይደለም። ከሩቢኔቱ አፍ እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ አለ። ከጎሚቶው ጎን ግን እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ወጣና እንግዳውን ደረቱ ላይ መታው፤ ባርኔጣውን ወሰደው። መድረኩ ተገለበጠ። ኪነቱ «ወደፊት» እያለ ወደኋላ ሸሸ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወደ ውሃው የሮጠ ስንታየሁ ብቻ ነበር፤ ጎሚቶውን በደረቱ አቅፎ «ዝጋው! ጳውሎስ ዝጋው!» እያለ ይጮሃል። ዘጋሁት። ዞር ስል አየር ሜዳው ጥግ ያለው መኪና አሁንም ቆሟል። እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ እንግዳው የአስካለን ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ጓድ ታረቀኝ ፊቱ አዝኗል፣ ድምፁ ግን አላዘነም።

«ጓዶች፣ ይህ ግልጽ አሻጥር ነው! ይህ ሰው ብረቱን ሆን ብሎ አላልቶ ትቶታል። የሚያፈሰው የላላ ነገር ነው!»

«ሄዳችሁ እዩት» አልኩ። «አልላላም፣ ተሰንጥቋል።»

«ማን ሰነጠቀው?»

ያጠበቃችሁት ናችሁ ብል እንግዳውም አለበት። እኔ ነኝ ብል መኪናው ላይ ነኝ፤ ያውም በአሻጥረኛነት። እንግዳው «እስቲ ያጠበቁት ይናገሩ» አለና ግለ ሂስ ተጀመረ።

«እኔ ሴት ነኝ፣ ምን ጉልበት አለኝ?» አለች አስካለ። «ነካ ነው ያደረግኩት።»

«እኔ ወገቤ ያመኛል» አሉ አቶ ዶሪ። «ብረቱን ሰላም ብቻ አልኩት።»

«እኔ ምንም አላጠበቅኩም» አለ ስንታየሁ። አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። በዚያ ቤት የተነገረ አንድ እውነት ቢኖር እሱ ነበር፤ ግን በመሀል ስለመጣ ከውሸቱ የለየው የለም።

«እኔ በመርህ ደረጃ ብቻ ነው የያዝኩት» አለ ጓድ ታረቀኝ።

ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «እሺ፣ ሩቢኔቱን አየር ሜዳውን እያየ ነው የተውኩት። አሁን መድረኩን ያያል። ማንም ካልነካው ማን አዞረው? ነፋስ ነው?»

ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ጋቢው ሄደ። እንግዳው ሞኝ አልነበረም፤ ሞኝ ቢሆን እዚያ ሥልጣን ላይ አይደርስም።

«ጓድ ታረቀኝ፣ አሻጥር ነው ትላለህ?»

«ግልጽ አሻጥር ነው ጓድ!»

«በማን እጅ የተፈጸመ? የመጨረሻውን መፍቻ የያዘው ማን ነበር?»

እንግዳው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተነሳ። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። «እኔ ያየሁት ሕዝቡ ተደስቶ ውሃ ሲራጭ ነው። ቦኖው በተሳካ ሁኔታ ተመርቋል። የፈሰሰ ነገር አላየሁም። ያየ አለ?»

«የለም!» አለ ጓድ ታረቀኝ፣ ከሁሉ ቀድሞ። «ምንም አልፈሰሰም ጓድ!» ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁሉም ተከተለው።

«እንግዲያው ባለሙያው ግዴታውን ስለተወጣ ለልማት ይቀራል። መኪናው ቆሟል። ቀሪው ተመልማይ የታለ?»

የጓድ ታረቀኝ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጭብጨባው ምን እንዳስከፈለው የገባው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጓድ… ምናልባት… ጠብ ያለ ነገር ሳይኖር አይቀርም…»

«ፈስሷል ነው የምትለኝ?»

እጁን አወረደ። «አልፈሰሰም ጓድ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ስንታየሁ ከመሀል ተነስቶ።

እኔም ተነሳሁ። «ፈስሷል! ሁላችሁም አይታችኋል፣ ፈስሷል!» አልኩ። አጠገቤ የቆመው ጠባቂ በጠመንጃው ሰደፍ ገፍቶ አስቀመጠኝ። ስንታየሁ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገ። «ተው ጳውሎስ፣ ዝም በል። ዛሬ አንተን ቢወስዱ ነገ ለኔ ይመጣሉ» ብሎኝ ወጣ። እናቱ እትዬ ዘርፌ አልዱባ ገበያ ውለው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሰምተው እየሮጡ የደረሱት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እሱን ሲጠብቅ ነው።

ቦኖውስ? በተሳካ ሁኔታ ተመርቋል ተብሎ ሪፖርት ስለተላከ ከዚያ በኋላ ውሃ ሳይሰጥ ኖረ። ጎሚቶውን ልቀይረው ብዬ ብጠይቅ «ያልተበላሸ ነገር አይጠገንም» ተባልኩ። ጎሚቶ እኮ ነው! ሴቶቹ ግን ይሠራል በተባለው ቦኖ አጠገብ እያለፉ ነሪ ወንዝ ድረስ ወርደው ይቀዱ ነበር።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አላጨበጭብም። የገዛ ልጄ ሰርግ ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ዘመድ ሁሉ ታዝቦኛል፤ ይታዘብ። ከስብሰባም፣ ከመንግሥት ሥራም፣ ብዙ ሰው ተስማምቶ ከሚያጠብቀው ነገርም ራቅኩ። እናንተም ብትሆኑ፣ ከላይ ያለ ሰው ተነስቶ «ምንም አልፈሰሰም» ሲላችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት የተቀመጣችሁበትን ዳሰስ አድርጉ። ርጥብ ከሆነ ርጥብ ነው በሉ። በጊዜው ካልተባለ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ምንም ያላጠበቀው።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ እትዬ ዘርፌ አየር ሜዳው ጥግ ቆመው በእግሩ እየተጎተተ የሚመጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያዩ ነበር። የስንታየሁ ጓደኞች አንዳንዶቹ መጡ። እሱ አልመጣም። አንድ ቀን ሱቄ ገቡና የማቀርብላቸውን ወንበር እንኳ ሳይጠብቁ ጠየቁኝ።

«ጳውሎስ፣ ያን ቀን ውሃው ፈስሶ ነበር?»

«ጓድ ታረቀኝን አልጠየቁም?»

«ጠይቄዋለሁ። እስከ ዛሬ ምንም አልፈሰሰም ይለኛል።»

«ፈስሷል እትዬ። ልጅዎ በደረቱ ሊያቆመው ሞክሮ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቄያለሁ» አሉ። «መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል አቅፌው ነበር። ሸሚዙ ርጥብ ነው። ምነው ልጄ ስለው፣ ላብ ነው እማዬ አለኝ። ላብ መች እንደዚያ ይቀዘቅዛል?»